የክት ያደረግነው ማስክ

ይህ የሆነው ኮሮና በገባበት ዓመት ክረምት ላይ፣ እዚሁ ላሊበላ፣ በምሠራበት ሆቴል ውስጥ ነው። ዓመቱ ሲቆጠር ብዙ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ መከራ ስላየን ግን ሰው ሁሉ እንደ ጥንት ነገር ነው የሚያወራው። እኔን አልራቀኝም። አንድ ወረቀት ላይ ፈርሜአለሁ፤ ያን ፊርማ ዛሬም አልረሳሁትም።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተራቸውን እየገለጥኩ፣ በሳሙና ካርቶን ላይ የተጻፈውን እየጠየቅሁ ነው። አጻጻፌ ቢንገዳገድ ታገሡኝ። ወሬ ግን እወዳለሁ፤ ከረዘመባችሁም እንደዚሁ ታገሡኝ።

በሆቴሉ አንሶላ አጣቢና ክፍል አጽጂ ነኝ። ኮሮና ሲመጣ ቱሪስት ቀረ። ከተማው ጭር አለ። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ መስቀል ሻጩ ሁሉ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። እኛንም እቤታችሁ ጠብቁ አሉን፤ ጠበቅን። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሥራ አስኪያጁ አራት ሴቶችን አስጠራን። ሆቴሉ ለይቶ ማቆያ ሊሆን ነው፤ ከዓረብ አገር የሚመለሱ ልጆች አሥራ አራት አሥራ አራት ቀን ይቀመጡበታል፤ የሚያጥብና የሚያጸዳ ሰው ያስፈልጋል አለን።

"የፈራ ይቅር፣ አልፈርድበትም" አለ። "ብቻ ነገ ሆቴሉ ሲከፈት ማን እንደነበረ፣ ማን እንዳልነበረ አስታውሳለሁ።"

አራታችንም ገባን።

ከአራታችን ትልቋ እትዬ ደብሬ ነበሩ። የብልባላ ሰው ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ አንዲት ልጃቸውን ፈንታዬን አዝለው ወደ ላሊበላ መጡ፤ አሳድገው እዚያው ብልባላ መልሰው ዳሯት። እኔና እሳቸው አሥራ አንድ ዓመት አብረን አጥበናል። አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ትይዛለች፤ ወጠር ይደረጋል፣ አንዴ ይራገፋል፣ ከዚያ ተራምዶ መገናኘት ነው። ከእሳቸው ጋር ሳጥፍ "አሁን" ተባብለን አናውቅም። እጃችን ራሱ ያውቀዋል።

ማንበቤ ደስ ይላቸዋል፤ ግን ሳይቀልዱብኝ አያልፉም። "ይቺ ሴት እኮ አንድ ቀን አንሶላውንም ታነበዋለች" ይላሉ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። የልጃቸው ደብዳቤ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ያነበብኩላቸውን ደግሞ ሁለተኛ ሰው አይጠይቁበትም።

ሥራ ሳንጀምር፣ ከአራታችን ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ የደህንነት ተጠሪ ተብዬ ለግማሽ ቀን ሥልጠና ተላክሁ። ጓንት እንዴት እንደሚወልቅ አሳዩን። ሰው የተኛበት አንሶላ እንደማይራገፍ፣ ቀጥታ በረኪና ውስጥ እንደሚዘፈዘፍ ነገሩን። ስንወጣ አንድ አንድ ወረቀት ሰጡን።

እቤቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጣቴን ከመስመር መስመር እያስኬድኩ አነበብኩት። ወፍራሙ ነጭ ማስክ ለአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው ይላል። ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ይጣላል። በየቀኑ አዲስ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ካልቀረበለት ሠራተኛው ወደ ክፍሉ አልገባም የማለት መብት አለው። "መብት አለው" የምትለዋን መልሼ አነበብኳት። ደስ አለችኝ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶኝ አንድ ካርቶን የመርፌ ቤት ጓንትና አራት ማስክ አስረከበኝ። አራት፤ ለአንድ ሰው አንድ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ አለቃ ስለሆነ ግን አንቱ እለዋለሁ።

"ወረቀቱ እኮ ለአንድ ቀን ብቻ ነው የሚለው። የነገውስ?" አልኩት።

ሳቅ አለ። "ወረቀቱን የጻፈው ሰው ላሊበላን አያውቃትም። ይቺን ራሷን ያገኘሁት በስንት ልመና ነው። ሌላ እስኪመጣ ጠብቃችሁ ያዙ በያቸው። የጠፋበት፣ የተበላሸበት አይተካለትም።"

ወጣሁ። ሴቶቹ እጥበት ቤቱ ደጅ ቆመው ይጠብቁኛል። አንድ አንድ እየሰጠሁ፣ "ሌላ እስኪመጣ ጠብቃችሁ ያዙ፤ ከጠፋ አይተካም" አልኳቸው። ወረቀቱ የሚለውን አላነበብኩላቸውም። አጣጥፌ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ከመካከላችን የሺ የምትባለው አፏ ዝም አይልም። ብነግራት ቢሮው ድረስ ሄዳ ትጨቃጨቃለች፣ እሷን ያባርራታል፣ እኔንም "አንቺ ነሽ ያነሳሳሻት" ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ሌላ በቅርቡ ይመጣል የሚለውን ማመን ፈለግሁ። ሰው ማመን የፈለገውን ነገር ለማመን ብዙ አይቸገርም።

አሁን የምነግራችሁን የእኛ አገር ሰው ቶሎ ይረዳኛል። ላስታ ውስጥ ሰው የቱንም ያህል ቢደኸይ የክት ልብስ አለው። የዘወትሩ ቀሚስ ጀርባው ላይ ቢያልቅ እንኳ የክቱን አይነካውም፤ እሱ ለልደት፣ ለጥምቀት፣ ለሠርግ ነው። ጥሩ ብርጭቆ ከገዛን ለእንግዳ ይቀመጣል። አዲስ ጫማ ከተገዛ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ በእጅ ይዞ የሚሄድ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ጥሩ ነገር እጃችን ከገባ መጀመሪያ የምናስበው የት እንደምናስቀምጠው ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነጭ፣ አዲስ፣ ሽታው እንኳ አዲስ የሆነ ነገር ተሰጥቶት "አንድ ብቻ ነው፣ አይተካም" ከተባለ ምን ያደርገዋል?

አስቀመጥነው። ማንም ማንንም አልመከረም፤ አራታችንም ያደረግነው አንድ ነገር ነው። የሺና አራተኛዋ ጓደኛችን በፌስታል ጠቅልለው ሰቀሉት። እኔ እንዳይጨማደድ በልጄ ደብተር መካከል አድርጌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። እትዬ ደብሬ በንጹሕ መሐረብ ቋጠሩት። "የክት ነው እንግዲህ" አሉ፤ ሳቅን።

ለሥራው ልብስ ሰፊ በአሮጌ አንሶላ የሰፋልንን ጨርቅ እናስር ነበር። እሱ በላብና በእንፋሎት ሲርስ ነጠላችንን አፋችን ላይ ሳብ እናደርጋለን። ጓንቱንም እናጥበዋለን። አጥበን ገመድ ላይ ስንሰቅለው ጣቶቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው የላም ጡት ይመስላሉ። እትዬ ደብሬ አንድ ቀን ቆም ብለው አይተው፣ "ይኼ ሁሉ የታለበ ከሆነማ ዘንድሮ ቅቤ ይረክሳል" አሉ። የሺ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ባልዲው ላይ ተቀመጠች።

አዎ፣ እንስቅ ነበር። ሥራው ከባድ ነው፤ ልጆቹ ከዓረብ አገር ታመው፣ ተጎድተው የመጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በራቸውን ስናንኳኳ እያለቀሱ ነው የሚከፍቱልን። እትዬ ደብሬ ራቅ በሉ ቢባሉም አይችሉም። በሩ ላይ ቆመው "አይዞሽ እናቴ፣ አገርሽ ገብተሻል እኮ" ሳይሏት የሚያልፏት ልጅ አልነበረችም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከዞን ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ተባለ። በዋዜማው ሥራ አስኪያጁ በእጥበት ቤቱ በኩል ሲያልፍ፣ "ነገ ማስካችሁን አድርጋችሁ ኑ" አለን። ዛሬ ለምን አላደረጋችሁም ብሎ አልጠየቀም። ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

በማግስቱ አራታችንም ነጭ በነጭ ሆነን ተሰለፍን። በየሺ ማስክ ላይ የመታጠፊያው መስመር ይታያል። የእትዬ ደብሬ አደስ አደስ ይሸታል፤ ከልብሳቸው ጋር ነው ያኖሩት።

"ሙሽራ መሰልን እኮ" አሉ በሹክሹክታ። "ሚዜ ብቻ ጠፋ።"

ከተቆጣጣሪዎቹ አንደኛው፣ ትሑት ሰው ነው፣ ዝቅ ብሎ ሰላም አለንና "እናቴ፣ ሁልጊዜ እንደዚህ ትጠቀማላችሁ?" ሲል እሳቸውን ጠየቃቸው።

"ይኸው እንደሚያዩን ነን ጌታዬ" አሉት።

ሰውየው ተደስቶ መዝገቡ ላይ ጻፈ። ፎቶም አነሱን። እኔ ከሁሉም ፊት ነኝ፤ ተጠሪ ነኛ። ጠየቅ ቢያደርገኝ እነግረው ነበር እላለሁ አንዳንዴ። እውነቱን ለመናገር አልነግረውም ነበር። እነሱ ሲሄዱ ማስካችንን አውልቀን፣ አቧራውን እፍ ብለን፣ ወደየመጣበት መለስነው።

ሐምሌ ሲያልቅ ፈንታዬ ወንድ ልጅ ወለደች የሚል ወሬ ከብልባላ መጣ። እትዬ ደብሬ የሚሆኑትን አጡ። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። ሄደው ልጃቸውን ማረስ አለባቸው፤ ከለይቶ ማቆያ ወጥተው ግን አራስ ቤት ቢገቡ ለሕፃኑ ይፈራል። "ለክርስትናው እደርሳለሁ" አሉ። ቀኑን በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። ከገባ ሰባትም ስምንትም ቀን ሆኖት ይሆናል፣ የደረቀውን አንሶላ እያጠፍን ነው። እኔ በበኩሌ ወጠር አደረግሁ፤ በእሳቸው በኩል ግን አንሶላው ረገበ። ቀና ስል ጫፉን ይዘው ቆመዋል፤ ወደ እኔ አይራመዱም።

"ምነው እትዬ?"

"ጾሙ ነው መሰል። ጉልበቴ ራደ።"

"ጾሙን በየዓመቱ ይጾሙት የለ እንዴ?"

"ዘንድሮ አረጀሁ በያ" አሉና ሳቅ ሲሉ ሳል ያዛቸው። ሳሉ አልለቃቸው አለ። ሄጄ እጃቸውን ስይዘው ያቃጥላል።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። የሙቀት መለኪያውን ግንባራቸው ላይ ያነጣጠረው የጤና ባለሙያ ቁጥሩን አይቶ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ከሰዓት በኋላ መኪና መጣና ወደ ሌላ ከተማ፣ ሕክምና ማዕከል፣ ሊወስዷቸው ሆነ። ቀረብ እንዳልል ከለከሉኝ። በመስኮቱ በኩል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ፈንታዬ እንዳትሰማ፤ አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ "ያንን ትልቁን አንሶላ ብቻሽን አትጠፊው፤ መሬት ይነካብሻል።"

ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን አልሰማሁም። በዘጠነኛው ቀን አረፉ።

ከማን እንደያዛቸው፣ ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ማንም አያውቅም። እኔም አውቃለሁ አልልም። የምናገረው የነበረውን ነው።

አስከሬናቸውን አምጥተው ሲቀብሯቸው ከአጥር ውጭ ሆነን አየን። ለቅሶ የለ፣ ደረት መምታት የለ፤ አንድ ቄስ ብቻ ከሩቅ ፍትሐት አደረሱላቸው። የቀበሯቸው አራት ሰዎች ከእግር ጥፍራቸው እስከ ራስ ፀጉራቸው ነጭ ለብሰዋል። ጓንታቸው ድርብ ነው። መነጽር አላቸው። ማስካቸው ያ ወፍራሙ ነው። ሲጨርሱ ሁሉንም አውልቀው አጠገቡ በተቆፈረ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ አቃጠሉት። የሺ ጭሱ እስኪያልቅ ቆማ አየችው። ወረቀቱ አሁንም መቀነቴ ውስጥ ነው።

ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ከላይ ሪፖርት ተጠይቋል፣ ተጠሪዋ መፈረም አለባት አለኝና ወረቀት ገፋልኝ። አነበብኩት። "ሟች አስፈላጊው የመከላከያ ቁሳቁስ ተሰጥቷቸው እያለ በራሳቸው የጥንቃቄ ጉድለት ባለመጠቀማቸው" እያለ ይቀጥላል። እጥበት ቤት ያለውን የእትዬ ደብሬን መሳቢያ ፈትሸው ማስኩን እንዳጡትም ተጽፏል፤ ይህም የባሰ ጉድለት ተደርጎ።

"ይኼ ልክ አይደለም" አልኩት።

"የቱ? ማስክ ተሰጥቷቸው አልነበረም?"

"ተሰጥቷቸዋል።"

"ሥራ ላይ ያደርጉት ነበር?"

"አያደርጉትም።"

"ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው? አሳይኝ።"

ወረቀቱን መልሼ አየሁት። ቃል በቃል ስለቅመው ውሸት አጣሁበት። ሙሉውን ሳነበው ግን እትዬ ደብሬ አይደሉም። አንድ ሴት ሰነፍ ሆና፣ የተሰጣትን ንቃ ሞተች ነው የሚለው። ልጆቼ ታሰቡኝ፣ የሚከፈተው ሆቴል ታሰበኝ። ፈረምኩ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ልብሳቸውን ለልጃቸው ላደርስ ተነሳሁ። ገበያ ወጥተው ከሚመለሱ የብልባላ ሰዎች ጋር አህዮቻቸውን እየነዳን ሄድን። መንገዱን ሙሉ የምላትን ሳሰላስል ነበር። እናትሽ ስምሽን እየጠሩ ሄዱ፣ ብዙ አልተሠቃዩም እላታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ስለ ወረቀቱ ላልናገር።

ፈንታዬ ብቻዋን ነበረች፤ ባሏ እርሻ ላይ ነው። ሕፃኑ ክርስትና ከተነሳ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ልብሱን ስሰጣት ተቀብላ አሸተተችው፣ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ፊቷን ጠረገችና ቀጥ ብላ አየችኝ።

"እማዬ የሞተችው ባለመጠንቀቅ ነው አሉኝ። የተሰጣትን አላደረገችም ተብሎ ተጽፏል አሉ። እውነት ነው?"

ወሬ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

መልሴን ሳትጠብቅ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና መሐረብ ይዛ መጣች። ፈታችው። ማስኩ ነው። አደሱ እንኳ አልለቀቀውም።

"በወለድኩ በሳምንቱ ከገበያተኛ ጋር ላከችልኝ። አራስ ጠያቂ ስለሚበዛ ሰው ሲመጣ አድርጊ ብላ። እኔ ደግሞ ለክርስትናው ብዬ አኖርኩት። አንድም ቀን አላደረግሁትም።" ማስኩን መልሳ ቋጠረችው። "የእሷን ወስጄባት ነው የሞተችው። እኔ ነኝ የገደልኳት።"

እንዳትሰማ የተባለችው ልጅ ይህን ሁሉ ወር ብቻዋን ተሸክማው ኖራለች። ባሏ እንኳ አያውቅም። ሰውነቷ አልቋል፤ ሕፃኑም የጠገበ አይመስልም።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ሁሉ ተውኩት።

"አንቺ አይደለሽም" አልኳት። "ማስኩ እዚያው ቢሆንም አያደርጉትም ነበር። የእኔም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ የየሺም ተሰቅሏል። አንድ ብቻ ነው፣ አይተካም ስለተባልን ሁላችንም አስቀመጥነው። ቢያደርጉትም ደግሞ የሚሠራው ለአንድ ቀን ነው። በየቀኑ አዲስ ሊሰጠን ይገባ ነበር። ካልተሰጠን አለመግባት መብታችን ነበር።"

"ለአንድ ቀን መሆኑን ማን ነገረሽ?"

"ወረቀት ላይ አንብቤዋለሁ።"

"መቼ?"

"ሥራ ሳንጀምር።"

"እማዬስ ታውቅ ነበር?"

"አላነበብኩላቸውም።"

ሕፃኑ አለቀሰ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ታጠባው ጀመር። ጎጆው ውስጥ የእሱ የመዋጥ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"ሪፖርቱ ላይም ፈርመሻል" አለች ሳትዞር።

"ፈርሜአለሁ። ሥራዬን ፈርቼ።"

"እማዬ ያንቺን ነገር ስታወራ፣ 'ዘውዴ ካነበበችልኝ በዓይኔ ያየሁት ያህል ነው' ትል ነበር።"

በቁጣ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። የተናገረችው እንደ ተራ ወሬ ነው።

ዳቦ ቆርሳ፣ ጠላ ቀድታ አቀረበችልኝ። "ብዪ፣ መንገዱ ሩቅ ነው" አለችኝ። በላሁ። ሕፃኑን አዝላ እስከ እርከኑ ጫፍ ሸኘችኝ። እዚያ ስንደርስ ቆመች።

"ሌሎቹ ሴቶች አሁንም እዚያው ናቸው?"

"ናቸው።"

"አንብበሽላቸዋል?"

"አላነበብኩም" አልኳት።

ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ነበርና መልሳ ተከናነበች፣ ዞራ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት እጥበት ቤት ደጅ ላይ ሴቶቹን አስቆሜ ወረቀቱን ከመቀነቴ አወጣሁ። መታጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። የሺ ጨርሼ እስክቀመጥ ጠበቀች።

"ይቺን መቼ ነው ያገኘሻት?"

"ሰኔ ላይ።"

"ሰኔ" አለች። አፏ ዝም የማይለው ሴት ሌላ አልጨመረችም። ዛሬም ድረስ አልጨመረችም።

ያን ቀን አንሶላ አልነካንም። ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አስፈራራን፣ ለመነን፣ ደግሞ አስፈራራን። እኔ ወረቀቱን ይዤ "መብታችን ነው፣ እዚህ ተጽፏል" አልኩት። ስልክ እየደወለ ሄደ። በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ ካርቶን ማስክ መጣ። በየቀኑ ለየሰዉ የሚበቃ፣ የሚተርፍም።

ይገኝ ኖሯል። ሦስት ቀን ነው የፈጀው። የሺ ካርቶኑን ከፍታ ስታየው በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰችውን ለቅሶ እጥበት ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

እኔም በገዛ እጄ ግማሽ ገጽ ጽፌ ሪፖርቱ ላይ አያይዝልኝ ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። ተቀብሎ ፋይሉ ውስጥ አስገባው። ያነበበው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ከዓመት በኋላ ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲመጣ ሆቴሉ ተሰበረ፣ ቢሮው ተበረበረ። ከሸሸንበት ስንመለስ ወረቀቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ዝናብ መትቶት ጭቃ ሆኗል። ሪፖርቱም የለም፣ የእኔም ግማሽ ገጽ የለም።

ይህን ታሪክ የማወራላቸው ሰዎች፣ "እሰይ፣ ጠፋልሽ፤ ከእንግዲህ ምን ያስጨንቅሻል?" ይሉኛል። ሊያጽናኑኝ ነው። ፈንታዬ ግን እናቷ ባለመጠንቀቅ ሞተች የሚለውን ወሬ ዛሬም ገበያ ስትወጣ ትሰማዋለች። ወረቀቱ ጠፍቶ ወሬው ቀርቷል። ለእሷም ለእኔም ማስተካከያ የሚሆን ሌላ ቦታ ስላጣሁ ነው እዚህ መጻፌ።

እትዬ ደብሬ የተሰጣቸው ማስክ አንድ ነው። እሱም የአንድ ቀን ነበር። የሠሩት ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ፍልሰታ ነው። ይህን እሳቸው አያውቁም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።